ለፎሙ ሕግ ምስጋና እንላክ

ውድ አባላት፣

ሜሪላንድ ግዛት ካለ ምግብ ቤት ሽሮ ለቤት ስታስጠቀልሉ ዕቃውን ልብ ብላችኋል? ያ ነጭ፣ ጥፍር ሲነካው የሚፈረፈረው የፎም ሳህን የለም። ፍርፋሪው ዝናብ ጠርጎት ወንዝ ይገባ ነበር፤ ከዚያ ማን ይለቅመዋል?

በራሱ ግን አልቀረም። የሜሪላንድ ምክር ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. ከለከለው፤ አገረ ገዢው ሳይፈርሙበት ሕግ ሆነ፤ በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ዋለ። ረቂቁን በተወካዮች ምክር ቤት ብሩክ ሊርማን፣ በሴኔት ሼሪል ኬገን አቀረቡት። ሊርማን በኋላ የግዛቱ ኮምፕትሮለር (የገንዘብና የግብር ኃላፊ) ሆነው ተመረጡ።

ስንናደድ ቶሎ እንደውላለን፤ ለምስጋና ግን እንዘገያለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እስከ እሑድ ለሁለቱም አጭር ደብዳቤ እንጻፍ። የልጆቻችሁ ሥዕል ቢጨመርበት ደግሞ ደስ ይለኛል።