ይድረስ ለልጄ፤ ከመጻጉዕ ሰንበት በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጾሙን በደህና ይዛለች፤ የደብረ ብርሃን ብርድም ዘንድሮ ብዙ አልጨከነብንም።

ባለፈው እሑድ በስልክ ያልሽኝን ሳሰላስል ሰነበትኩ። «አባዬ፣ ጸሎት ስጀምር ቃሉ ከከንፈሬ አያልፍም። እግዚአብሔርን ማነጋገር ራሱ አሳፍሮኛል፤ ትንሽ ልስተካከልና እመለሳለሁ» ብለሽኝ ነበር። ያን ጊዜ ዝም ያልኩት ነገሩ በአንድ ሁለት ቃል የሚታለፍ ስላልሆነ ነው። በጸሎት መድረቅሽ አላስደነገጠኝም። «ልስተካከልና እመለሳለሁ» ያልሽው ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል።

እዚህ ሳለሽ ጾሙን ሰፈሩ ሁሉ አብሮሽ ይጾም ነበር። የኪዳኑ ደወል ይቀሰቅስሻል፤ ረቡዕና ዓርብ ከየቤቱ የሚሸተው የሽሮ ወጥ ነው፤ በየወሩ የእናትሽ የማርያም ጽዋ አለ፤ ብትዘነጊ እንኳ ጎረቤት ያስታውስሻል። ጀርመን ስትሄጂ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ቀረ። ሰንበት ጠዋት ቅዳሴ ሲገባ አንቺ ከሌሊት ሥራ ወጥተሽ ገና መተኛትሽ ነው። እምነትሽ አልጠፋም፤ ዙሪያውን ደግፎ የያዘው ነገር ነው የተነሣው። አሁን ራሱን ችሎ መቆም ይማራል፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

ሌላው ምክንያት ግን ከሥራ ተራ የከበደ ይመስለኛል። አያትሽ የታመሙ ጊዜ እንዴት እንደለመንሽ አውቃለሁ። አረፉ፤ አንቺም ለቀብራቸው መድረስ አልቻልሽም። ድምፅሽ የተለወጠው ከዚያ ወዲህ ነው። ልጄ፣ በእግዚአብሔር አዝነሽ ከሆነ ለእርሱው ንገሪው። እኔም እናቴን ነው የቀበርኩት፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ አልችልም። ነገር ግን ከመዝሙረ ዳዊት 87ኛውን አንብቢ፤ በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 88 ተብሎ ተጽፏል። አብዛኞቹ የኀዘን መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ተስፋ ወይም ወደ ምስጋና ያዘነብላሉ። ይህኛው ግን ፊትህን ለምን ሰወርህብኝ እያለ ይጮኽና በጨለማ ውስጥ እንዳለ ያበቃል። ቤተ ክርስቲያናችን አልደበቀችውም። ዳዊት በየዕለቱ ተከፍሎ ሲደገም ሐሙስ ከ81 እስከ 110 ስለሚደርስ፣ ይህ ጩኸት በየሳምንቱ እግዚአብሔር ፊት ይቀርባል። በውስጥሽ ያለውን መራራ ቃል ይዘሽ ብትቆሚ ድፍረት አይሆንብሽም፤ አባቶቻችን ሲያደርሱት የኖሩት ጸሎት ነው።

የፊታችን እሑድ መጻጉዕ ነው። ከ55ቱ ቀን ጾም ውስጥ አንድ ሰንበት በዚህ በሽተኛ ስም መጠራቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት በደዌ የኖረ ሰው ነው። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው አዎን እንኳ አላለም። የሚያወርደኝ ሰው የለኝም፣ ሌላው ይቀድመኛል ብሎ ብሶቱን ተናገረ። የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 5 ደጋግመሽ ብታነቢው ሰውየው እምነቱን የገለጠበት አንድም ቃል አታገኚም፤ የፈወሰው ማን እንደሆነም አላወቀም ነበር። ጌታ ግን ብሶቱን ተናግሮ እንደጨረሰ «ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» አለው። በኋላ በመቅደስ ሲያገኘው ነው ዳግመኛ ኃጢአት እንዳይሠራ ያስጠነቀቀው። ቅደም ተከተሉን ልብ በይልኝ፤ ማንሣቱ ቀደመ፣ ተግሣጹ ተከተለ። አንቺ የያዝሽው ተገላቢጦሹን ነው፤ ራሴን አንሥቼ ልምጣ ትያለሽ።

ይህ ሐሳብ ደግሞ የአንቺ ብቻ አይደለም፤ አገራችንን የያዘ ነው። በየአጥቢያው ወደ ቁርባን የሚቀርቡት አብዛኞቹ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው፤ መካከሉ ባዶ ነው። ወጣቱ «ገና አልበቃሁም፣ ሳረጅ እቆርባለሁ» ይላል። ሰው ሁሉ ትሕትና ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። አንቺ ነርስ ነሽ፤ ቁስሌ ሲሽር ወደ ሆስፒታል እመጣለሁ የሚልሽን በሽተኛ ምን ትይዋለሽ? ሳይዘጋጁ ወደ ቅዱስ ቁርባን መቅረብ እንደማይገባ አውቃለሁ። መዘጋጀቱ ግን ንስሐ መግባት ነው፤ ንስሐ ለመግባት ደግሞ እርጅናን መጠበቅ የሚል ሥርዓት የለንም።

ስለዚህ የምለምንሽ ይህን ነው። ፈቃድ ስታገኚ ኮሎኝ ወዳለው ቤተ ክርስቲያናችን ሂጂና በአማርኛ ልብሽን የምትከፍችላቸው ካህን ፈልጊ። ሁሉን ንገሪያቸው፤ የአያትሽንም ነገር አትተይ። የሰሙትን አያወጡትም። የሌሊት ሥራ እንዳለብሽ ካስረዳሻቸው ቀኖናውንም በአቅምሽ ልክ ይሰጡሻል። ለወትሮው ሰንበት መንገዱ ሩቅ ከሆነብሽ በአቅራቢያሽ የግብፆች ቤተ ክርስቲያን ካለ እዚያ አስቀድሺ። የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመንና የሕንድ ኦርቶዶክሶች በሃይማኖት ከእኛ ጋር አንድ ናቸው፤ በ325 በኒቅያ፣ በ381 በቁስጥንጥንያ፣ በ431 በኤፌሶን የተደረጉትን ሦስቱን ጉባኤያት አብረውን ይቀበላሉ። ቋንቋው እንግዳ ቢሆንብሽም «ኪርያላይሶን» ሲሉ ስትሰሚ ቤትሽ መሆኑን ታውቂያለሽ።

ቤትሽ ውስጥ ግን ብዙ አትጀምሪ። ጠባይሽን አውቀዋለሁ፤ የነግሁን ጸሎት፣ ውዳሴ ማርያሙን፣ የዕለቱን ዳዊት በሙሉ በአንድ ጊዜ ልያዝ ትዪና ሲያቅትሽ እንደገና ታፍሪያለሽ። ወደ ምሥራቅ ቁሚ፣ አማትቢ፣ አቡነ ዘበሰማያት በይ፣ ከዕለቱ ዳዊት አንድ መዝሙር ብቻ ድገሚ። ልብሽ ባይሞቅም ድገሚው። ከልብ ያልሆነ ጸሎት ምን ያደርጋል የሚሉሽ ይኖራሉ፤ ልቡ እስኪመጣ ድረስ እግርሽ ቀድሞ ቢቆም ምንም ክፋት የለውም። ደግሞ ለጸሎት ብለሽ እንቅልፍሽን አታጉድዪ። ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ሞቱን ለምኖ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሲተኛ መልአኩ አልገሠጸውም፤ «ተነሥተህ ብላ» አለው። በልቶ ተመልሶ ቢተኛ እንኳ ሁለተኛ መጥቶ ቀሰቀሰውና አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነበርና። አንቺም በደንብ ብዪ፣ ተኚ፣ ከዚያ ተነሥተሽ ቁሚ።

የክርስትና ስምሽን ለንስሐ አባታችን ሰጥቻቸዋለሁ፤ በጸሎት ያስቡሻል። የአያትሽንም በየወሩ በዕረፍታቸው ቀን እናሳስባለን፤ በዚያ ቀን አንቺም ባለሽበት ስማቸውን ጠርተሽ ጸልዪላቸው። ወደ ኮሎኝ የምትሄጂበትን ቀን ስትወስኚ አስቀድመሽ ጻፊልን፤ ቀኖናሽን ስትጀምሪም ስንት ስግደት እንደተሰጠሽ ንገሪን። እኔና እናትሽ በየማታው አብረንሽ ልንሰግድ ተነጋግረናል።

የሚወድሽ አባትሽ