መድረኩን ሳያውቁ ለመድረክ መዘጋጀት

ይድረስ ለዋናው አዘጋጅ፣

እርስዎም አዘጋጅ ነዎት፣ እኛም አዘጋጆች ነን፤ የእርስዎ የጋዜጣ፣ የእኛ የትምህርት ቤት ድራማ። የዓምዱ ልክ ሳይነገረው የጻፈ ሰው ጽሑፉ ከገጹ ሲተርፍ ምን እንደሚገጥመው ያውቁታል፤ ይቆረጥበታል። ለክልል የተማሪዎች ድራማ ፌስቲቫል የሚመጣው ጥሪ ብዙ ጊዜ የሚደርሰን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ደብዳቤው መሪ ቃሉን፣ ቀኑንና የተማሪውን ቁጥር ይዟል። የመድረኩ ስፋት፣ የተፈቀደው ደቂቃ፣ ዳኞች ነጥብ የሚሞሉበት ቅጽ የሉበትም። ዝግጅቱ ምን እንደሚጠይቅ ዘርዘር ብሎ ቢታወቅ ጥሪው ቀደም ብሎና ሙሉ ሆኖ ይላካል ብለን ይህን ከጅማ ጽፈናል።

ከጊዜው እንጀምር። 20 ደቂቃ የሚወስድ የተማሪዎች ድራማ 8 ሳምንት ይፈልጋል። በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢያዝ 36 ሰዓት ነው። በሁለት ፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን የጠዋቱና የከሰዓቱ ተዋናይ የሚገናኙት በምሳ ሰዓት ወይም ቅዳሜ ነው። ሴት ልጆች ደግሞ ሳይመሽ ቤታቸው መግባት ስላለባቸው ልምምዱ 11 ሰዓት ላይ ማለቅ አለበት፤ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ለወላጅ በጽሑፍ ያላሳወቀ ክበብ ዋና ተዋናዩን በአምስተኛው ሳምንት ያጣል።

የጅማ ዙሪያ ዓመትም የራሱ ጠባይ አለው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ይለቀማል፤ ከገጠር ቀበሌ የሚመላለስ ተማሪ በእነዚያ ወራት ከሰዓት በኋላ አይገኝም። ጥር የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ነው። ስለዚህ የምር ልምምድ የሚጀመረው የካቲት ላይ ነው። ረመዳንና ሁዳዴ የካቲትና መጋቢት ላይ ተደራርበው የሚውሉባቸው ዓመታትም አሉ። ውኃ ያልጠጣ ጉሮሮ በ10 ሰዓት ሲያስጮኹት ይሰነጠቃል፤ በጾም ወቅት የድምፅ ልምምድ ጠዋት፣ የእንቅስቃሴው ደግሞ ከሰዓት ይሁን። ይህን የምናነሳው ጥሪው ሚያዝያ ላይ ደርሶ ውድድሩ ግንቦት መጀመሪያ ሲሆን እነዚህ ሁሉ ወራት በከንቱ ማለፋቸውን ለማሳየት ነው።

የደቂቃው ገደብ አስቀድሞ ካልታወቀ ጽሑፉ ከጅምሩ ይበላሻል። ገደቡ 20 ደቂቃ ከሆነ ልምምድ ላይ ከ16 ደቂቃ ማለፍ የለበትም። ተመልካች ይስቃል፣ ያጨበጭባል፤ ተዋናዩም ሳቁ እስኪበርድ መታገስ አለበት፣ አለዚያ ቀጣዩ ቃለ ተውኔት በሳቁ ይዋጣል። አንድ ትዕይንት ለመቀየር በትንሹ 40 ሰከንድ ይሄዳል፤ ሦስት ጊዜ የቀየረ ክበብ ሁለት ደቂቃውን ወንበር በማንሳት ጨረሰ ማለት ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ምሽት ለ20 ደቂቃ ይበቃል።

ጽሑፉ ረዝሞ መቀነስ ሲያስፈልግ መጀመሪያ የሚወጣው የመጨረሻው ምክር ነው። አባትየው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ወደ ተመልካቹ ዞረው «ስለዚህ ልጆቼ...» ሲሉ አዳራሹ ስልኩን ያወጣል። መሪ ቃሉ ስደት ቢሆን የስደትን ክፋት መስበክ አያስፈልግም። የቡናው ብር በልጁ ኪስ ውስጥ አለ፤ መኪናው ሲነጋ 12 ሰዓት ይነሳል፤ እናት ብሩን እየፈለገች አልጋውን ትገለብጣለች፤ ልጁም አብሮ ይፈልግላታል። ይኼን ያየ ተመልካች ምክር አይጠብቅም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ድምፅ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ አፋን ኦሮሞም እንደዚሁ። የተማሪ ትንፋሽ የሚያልቀውም እዚያው መጨረሻ ላይ ነው። «ያንን ቡና ለነጋዴው እኔ አል...» ብሎ ድምፁ ሲወርድ፣ አልሸጥኩም ይበል አልሸጥም ይበል ወይ አልሰጠሁም ይበል፣ ከአምስተኛው ረድፍ ወዲያ የተቀመጠ ሰው አይሰማም። ታሪኩ ያለው ደግሞ እዚያች ቃል ላይ ነው። ዳኛው «ንግግራቸው ግልጽ አይደለም» ብሎ ነጥብ ሲቀንስ መምህሩ ልጁን ጮክ በል ይለዋል፤ ልጁ የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ይጮኻል፣ መጨረሻው እንደወደቀ ይቀራል።

መድኃኒቱ ዓረፍተ ነገሩን ከኋላው መገንባት ነው። ተዋናዩ መጀመሪያ «አልሸጥኩም» ብቻ ይበል። ቀጥሎ «ለነጋዴው አልሸጥኩም»። ከዚያ «ቡናውን ለነጋዴው አልሸጥኩም»። በየደረጃው የመጨረሻው ቃል ከመጀመሪያው እኩል ካልተሰማ ወደ ላይ አይኬድም። ረዥሙ ቃለ ተውኔት ላይ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ በጽሑፉ ላይ በጭረት ምልክት ይደረግበት። ልኬቱ ቀላል ነው፤ ሁለት ተማሪዎች ከተዋናዩ 20 ሜትር ርቀው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቁሙ፤ ቃል ባመለጣቸው ቁጥር እጅ ያውጡ። ጀርባ መስጠታቸው ግድ ነው፤ ፊት ለፊት ከቆሙ ያልሰሙትን ከከንፈሩ ያነቡታል። በሦስተኛው ቀን ልጁ ድምፁ ከጎረነነ ከጉሮሮው እየጮኸ ነው፤ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ በአንድ ትንፋሽ፣ ድምፁ ሳይዋዥቅ፣ ከ1 እስከ 15 መቁጠር እስኪችል ቃለ ተውኔቱን ያቆየው።

እግረ መንገዳችንን ስለ መጥበቅና መላላት እናንሳ። ፊደላችን ይህን አያሳይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው፤ «ገና»ም ሲላላ አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ የሚጠብቀውን ተነባቢ ሁለት ጊዜ ስለሚጽፈው በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ የአማርኛ ጽሑፍ ሲይዝ የለመደውን ምልክት ያጣል፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሁሉም ተቀምጠው በሚያነቡበት ጊዜ፣ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ በእርሳስ ነጥብ ይደረግ። አንዴ ተሳስቶ በቃሉ ከያዘው በኋላ ማስተካከል አሥር እጥፍ ይከብዳል።

ድምፁ በዚህ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ ቆርቆሮው ይጠብቀዋል። አብዛኛው የትምህርት ቤት አዳራሽ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ የጅማ ሰማይ ደግሞ ክረምትን አይጠብቅም፣ ከመጋቢት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ዶፉን ሊያወርደው ይችላል። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዶፍ የሚያሸንፍ ጉሮሮ የለም፤ ሊያሸንፍ የሞከረ ልጅ ለሁለት ቀን ድምፁ ይዘጋል። ያለው ዘዴ መስማማት ነው። ዝናቡ ሲበረታ የሚደረግ ያለ ቃል ድርጊት አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ቡና ይፈተግ፣ ልብስ ይጣጠፍ፣ አንዷ ታንጎራጉር። ሲያባራ ከቆሙበት ይቀጥላሉ። ይህ የሚሠራው ግን የአስተናጋጁ ሰዓት ያዥ በዝናብ ጊዜ ሰዓቱን ካቆመ ነው።

ልምምዱ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በተለካ ቦታ ላይ ይሁን። ለኳስ ሜዳ መስመር የሚሰመርበት ኖራ ግቢው ሣር ላይ መድረኩን ለማስመር ይበቃል፤ ዝናብ ሲሆን ክፍል ውስጥ በጠመኔ። የመድረኩ ልክ ካልታወቀ 6 በ4 ሜትር ይያዝ፤ ጠባብ ላይ የለመደ ድራማ ሰፊ ላይ ይዘረጋል፣ በሰፊው የለመደው ግን ጠባቡ ላይ እርስ በርሱ ይጋጫል። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ጽሑፉ ከእጅ ይውጣ። ወረቀት የያዘ እጅ አይተውንም።

የጅማ በርጩማ ውብ ነው፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግሩ ይቆማል፣ መድረክ ላይ ሲወጣም ቤቱን በአንድ ጊዜ ይነግርልናል። ችግሩ ዝቅ ማለቱ ነው። መድረኩ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ብቻ ከፍ ያለ እንደሆነ፣ ወይም ከነጭራሹ መድረክ ከሌለ፣ በርጩማ ላይ የተቀመጠች እናት ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ ፀጉሯ ብቻ ነው የሚታየው። የድራማው ትልቁ ለቅሶ እዚያ ላይ ከሆነ ግማሹ አዳራሽ የሚሰማው የማይታይ ሰው ለቅሶ ነው። በርጩማው 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ጠንካራ የእንጨት ሳጥን ላይ ይቀመጥ፣ ሳጥኑ ምንጣፍ ይልበስ፤ ወይም ዋናው ቃል ቆመው የሚባል ይሁን።

ጀበናም እንዲሁ ነው። ባዶ ጀበና የሚቀዳ እጅ ይዋሻል፤ ክብደት ስለሌለው ቶሎ ያዘነብለዋል፣ ተመልካችም ያውቃል። ግማሽ ድረስ ውኃ ይሙላበት። ከሰል አይለኮስ፤ ጭሱ የፊት ረድፍ ላይ ያሉትን ዳኞች ያስላል፣ ተዋናዮቹንም። ቡና በወጉ ተቆልቶ ሦስተኛው እስኪጠጣ አንድ ሰዓት ሊደርስ ስለሚችል ድራማው ከሁለተኛው ሲኒ ይጀምር። ጀበና መንገድ ላይ ስለሚሰበር ሁለት ይያዝ።

ሞንታርቦ ያለበት አዳራሽ ሁሉንም ይፈታል ብሎ የሚያስብ አለ። መድረኩ መሀል በማቆሚያ የተተከለ አንድ ማይክ ካለ ስድስቱም ተዋናዮች ዙሪያውን ይሰበሰባሉ፤ ባልና ሚስቱ ሳይቀሩ ለማይኩ እንጂ እርስ በርስ አይነጋገሩም። ማይክ ግዴታ ከሆነ ሁለት ይሁኑ፣ መድረኩ ጠርዝ ላይ፣ የእግር ኮቴ እንዳይገባባቸው ስፖንጅ ላይ ይተኙ። ሞንታርቦው ከማይኮቹ ወደ ፊት፣ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ይቁም፤ ከኋላቸው ከሆነ ይጮኻል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ በስምንተኛው ሳምንት ከሚደረጉት ሙሉ ልምምዶች አንዱ ያለ ማይክና ያለ መብራት፣ መስኮት ተከፍቶ ይሁን። ጥቁርና ቡናማ ልብስ በደብዛዛ ብርሃን ከግድግዳው ጋር ይመሳሰላልና ዋናው ገጸ ባሕርይ ፈካ ያለ ይልበስ።

ስድስት ተዋናይ ያለው ድራማ ቢያንስ ሁለት ተተኪ ያስፈልገዋል፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት፣ ሁለቱም በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ሙሉውን የሚሠሩ። ተተኪውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ማቆየት ተተኪ መያዝ አይባልም። ቃል ለሚጠፋበት ተዋናይ ከመጋረጃ ጀርባ ሹክ ማለት ብዙም አይጠቅም፤ ከተዋናዩ በፊት የሚሰማው የፊት ረድፉ ነው። ይልቅ አብሮት ያለው ተዋናይ በጥያቄ ያውጣው፤ «ነጋዴው ምን አለህ?» ብሎ የጠየቀ ጓደኛ ቃሉን መልሶ ሰጠው ማለት ነው።

ጉዞውን በአጭሩ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የግቤን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ፣ ሙቀቱና ጠመዝማዛው ልጆችን ያስመልሳል። ውድድሩ ከዚያም ራቅ ያለ ከተማ ከሆነ በዕለቱ ደርሶ መድረክ ላይ መውጣት የ8 ሳምንቱን ሥራ መጣል ነው። አንድ ሌሊት አስቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል፤ አበሉም በዚያው ልክ ይታሰብ።

ከአስተናጋጆች የምንጠይቀው ብዙ ወጪ የሌለው ነው። ከውድድሩ 8 ሳምንት ቀድሞ የሚደርስ አንድ ገጽ፤ በላዩ የመድረኩ ወርድ፣ ጥልቀትና ከወለሉ ያለው ከፍታ በሜትር፣ መግቢያ መውጫው በየት በኩል እንደሆነ፣ የተፈቀደው ደቂቃና መቆጠር የሚጀምርበት ቅጽበት፣ በዝናብና በመብራት መጥፋት ጊዜ ሰዓቱ ይቆም እንደሆነ፣ ድራማው በየትኛው ቋንቋ እንደሚቀርብ፣ የዳኞቹ ቅጽ። በውድድሩ ዋዜማ ለየትምህርት ቤቱ 15 ደቂቃ የመድረክ መለማመጃ ይሰጥ። የመድረኩን ፎቶ በቴሌግራም መላክ ደግሞ ጊዜ አይፈጅም፤ አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን፣ አንድ ከመጨረሻው ረድፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተነሳ።

የድራማ ክበብ አስተባባሪ መምህራን
ጅማ