ማስታወቂያው ላይ የጎደለች አንድ መስመር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጋዜጣችሁን ከኋላ ጀምሬ ነው የማነበው። መጀመሪያ የሥራ ማስታወቂያ፣ ከዚያ ሐዘን፣ ፖለቲካው መጨረሻ። ባለፈው ሳምንት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት «የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ አካቶ ትግበራ ከፍተኛ ባለሙያ» እንደሚፈልግ አየሁ፤ የሴቶችና የመሳሰሉት ጉዳይ በመሥሪያ ቤቱ ሥራ ሁሉ እንዲካተት የሚከታተል ሰው ማለት ነው። ስሙ ረዘመ እንጂ የእኔው ሥራ ነው።

ስቀጠር «ሴቶች ጉዳይ» ይባል ነበር። በ1998 ሚኒስቴር ሲቋቋምልን ደረታችንን ነፋን። በኋላ ሕፃናትና ወጣቶች ተጨመሩ፣ በ2014 ደግሞ ማኅበራዊ ጉዳይ። የቢሮዬ በር ላይ ያለው ጽሑፍ ሲቀያየር ጠረጴዛዬ ያው ነበር። ሠራተኛው ግን ባጭሩ «ጀንደር» ነው የሚለኝ። ክበብ ስገባ «ጀንደር መጣች፣ አፋችሁን ሰብስቡ!» ይላሉ። እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ።

ማስታወቂያው የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ደመወዝ በስኬሉ መሠረት ይላል። ይህች ባለሙያ የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ውስጥ ትገባለች ወይ? እሱን አይልም።

ለምን እንደጠየቅኩ ልንገራችሁ። ለብዙ ዓመት ዋና ሥራዬ የካቲት 29 ማርች 8ን፣ የሴቶችን ቀን፣ ማክበር ነበር። ቲሸርት፣ አዳራሽ፣ ቆሎ። ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት በአጋጣሚ ነው። ፀሐፊው ታሞ ቀረና ሰብሳቢው «ጀንደር፣ ነይ እስቲ ቃለ ጉባኤ ያዥልን» አለኝ።

ተወዳዳሪዎቹ አምስት ናቸው። ከመካከላቸው አንዲት ጎበዝ የሒሳብ ባለሙያ አለች። የሥራ አፈጻጸሟ 46 ይላል። አላመንኩም። ማኅደሯን ገለጥ ሳደርግ የመጀመሪያው ስድስት ወር 92 ነው። ሁለተኛው ባዶ። ወሊድ ላይ ነበረቻ! የመንግሥት ሠራተኞች አዋጁ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣት ነበር። አለቃዋ የለችም ብሎ ሳይሞላላት ቀረ። የሰው ኃይሉ ልጅ ደግሞ ፎርሙ «ሲካፈል ለሁለት» ስለሚል አካፈለው። ክፋት የለበትም እኮ፤ ፎርሙን ነው የተከተለው።

እጄን አወጣሁ። «ቃለ ጉባኤ የሚይዝ አስተያየት አይሰጥም» አሉኝ። «ግድ የለም፣ ያየሁትን ቃለ ጉባኤው ላይ እጽፈዋለሁ» አልኩ። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። ፋይሉ ተመለሰ፣ ተስተካከለ፣ ልጅቷ አንደኛ ወጣች። እኔ ግን ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከእሷ በፊት ስንቷ ለሁለት ተካፍላ ቀርታለች?

«ለሴት ነጥብ እየጨመራችሁ ችሎታን ገደላችሁ» የሚሉኝ ባልደረቦች ነበሩ። የልዩ ድጋፍ ነገር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ያለ ነው፣ ከማንም ጋር አልጨቃጨቅበትም። ለዚያች ልጅ ግን አንድም ነጥብ አልጨመርኩም። የራሷን ነው ያስመለስኩላት።

ያልተሳካልኝም አለ። ሕግ የተመረቀ ዓይነ ስውር ልጅ ስልክ ማዞሪያ ላይ ተመድቦ ነበር። አዋጅ 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛ እንዲያመቻች ያዛል። ስክሪን የሚያነብ ሶፍትዌር ጠየቅኩለት። በጀት የለም። በነፃ የሚወርድ አለ ስላቸው ደግሞ ኮምፒውተር የለም። ምደባው የተወሰነው እኔ በሌለሁበት ስብሰባ ነበር፤ ደብዳቤ ብቻ ነው ስጽፍ የኖርኩት። የሽኝቴ ቀን ቢሮዬ ድረስ ደውሎ ነው የተሰናበተኝ፣ ከዚያችው ማዞሪያ።

እናም ማስታወቂያውን ያወጣው መሥሪያ ቤት ይህን ካነበበ አንድ መስመር ይጨምርልኝ፦ «በምደባና በደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ድምፅ ያላት አባል ትሆናለች።» የምታመለክቱ ልጆችም ቃለ መጠይቁ ላይ ሳታፍሩ ጠይቁ። የማርች 8ን ቲሸርት ማንም ያሳትመዋል።

ምዝገባው እስከ ዓርብ ነው ይላል። ጊዜ አለ።

ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ፣
ከቀበና፣ አዲስ አበባ