ሐዘናችንን ለተካፈላችሁ ሁሉ

እናታችን ከዚህ ዓለም ድካም ባረፈች ጊዜ አብራችሁን ላዘናችሁ የደብረ ብርሃን ጎረቤቶች፣ የእድራችን አባላት፣ ካህናት፣ ከመንዝና ከአንኮበር ለመጣችሁ ዘመዶች፦ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ውለታችሁን በደስታ ለመመለስ ያብቃን።

አዲስ አበባ ያለችውን እህታችንን በስልክ ስላላረዳችኋት፣ እሷ ሳትሰማም ፎቶ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፍ ስለታገሳችሁ እናመሰግናለን። መርዶ ማታ ከተነገረ ሰው ሌሊቱን ብቻውን ይጋፈጠዋል። እናንተ ግን እንቅልፏን እስክትጠግብ ጠብቃችሁ፣ ጎህ ሲቀድ በሽማግሌ አስነገራችኋት።

ለአባታችን የተደረገው ደግሞ ለየት ይላል። ለቅሶ ቤት ምግብ ይረሳል። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን እንደ ወትሮው ተወግቶ ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ ይወርዳል፤ ላቡንና መንቀጥቀጡን፣ ግራ መጋባቱንም ሰው ሐዘን ነው ብሎ ያልፈዋል። መርፌው ከመሰጠቱ በፊት እህል አቅርባ፣ እስኪጎርሱ አጠገባቸው የምትቀመጠው፣ ስኳር የተበጠበጠ ውሃም ከጎኗ የማታጣው ጎረቤታችን ዕድሜ ይስጣት።

የእድራችን ሴቶች፣ የንፍሮው ነገር! ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አይበስልም። ማታ ዘፍዝፋችሁ፣ ጠዋት ከስንዴው አስቀድማችሁ ስለጣዳችሁት ለቀስተኛው ጥሬ አልቆረጠመም።

ሕፃናቱን «አያታችሁ ተኝታለች» ያላላችሁም ተባረኩ። እንዲያ የተባለ ልጅ መተኛት ይፈራል፤ «ሄዳለች» ከተባለ ደግሞ በር በሩን ያያል። «ሞታለች፣ አትመለስም» ብላችሁ ለጥያቄያቸው ደጋግማችሁ መለሳችሁ።

ድንኳን ሲነቀል ቤቱ ጭር ይላል። «የሚያስፈልጋችሁን ንገሩን» ማለት ደግ ነው፤ ያዘነ ሰው ግን የሚያስፈልገውን መቼ ያውቀዋል? «ቅዳሜ እህሉን ወፍጮ ቤት እኔ አደርሳለሁ» ያላችሁን ሸክማችንን አቀለላችሁ። «በቃ፣ አታልቅሱ» ላላችሁንም አልተቀየምንም፤ እንባ ግን በትእዛዝ አይቆምም።

አርባዋን በጸሎተ ፍትሐትና ለነዳያን በሚበቃ ጸበል ጸዲቅ እናስባለን። ለተዝካር ተበድሮ ዓመት ሙሉ ዕዳ መክፈል ለነፍሷም አይጠቅም፣ እና እንዳትታዘቡን።

እኛ ዘንድ የቀሩ አንድ ትልቅ ብረት ድስት፣ ሁለት ትሪና አንድ ባና አሉ። ባለቤቶቹ ብቅ በሉና ውሰዱ።

የሟች ልጆች