የባዮሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ኢልና አምባዛ

ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን አብዛኛውን ጊዜውን ያዋለው የእንስሳትን አመዳደብ በማጥናት ሲሆን፣ መነሻ የሆነውም አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እባብ ስለሚመስለው የውኃ እንስሳ በጥቅምት ወር «ኢል እባብ ነው ወይስ ዓሣ?» ብላ ያነሣችው ጥያቄ ነበር። ከአባላቱ ግማሽ ያህሉ እባብ ነው ብለው እጃቸውን ማውጣታቸውን አልሸሽግም።

ኢል በከተማችን ገበያ ስለማይገኝ፣ ከፒያሳ አንድ ቆሮሶና አንድ አምባዛ ገዝተን በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አጋደምናቸው። (አምባዛ ቅርፊት የለውም በማለት የማይበላው ሰው ብዙ ነውና፣ ሻጩ ለምን እንደፈለግነው ደጋግሞ ጠይቆናል።) ተማሪዎቹ የሁለቱንም የሆድ ክንፎች በመቆንጠጫ እየገለጡ ካዩ በኋላ ከኢል ሥዕል ጋር አመሳከሩ። ኢል የሆድ ክንፍ ፈጽሞ የለውም፤ የጀርባው፣ የጅራቱና የታችኛው ክንፉም ተያይዘው እንደ ነጠላ ጥለት ሰውነቱን ይዞራሉ። የአምባዛው የጀርባ ክንፍ ግን ረጅም ቢሆንም ከጅራቱ ጋር ሳይገናኝ ይቆማል።

ኢል በስንጥብ የሚተነፍስ፣ ከመቶ በላይ የአከርካሪ አጥንቶች ያሉት እውነተኛ ዓሣ ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. የሰየመው የአውሮፓው ኢል ቅርፊትም አለው፤ ይሁንና ቅርፊቱ እጅግ ደቃቅና በሚያሟልጨው ቆዳ ውስጥ የተቀበረ ነው። የሚመደበው አንጉዊሊፎርሜስ በሚባለው ክፍለ መደብ ሲሆን፣ ሞሬይና ኮንገር የተባሉት የባሕር ኢሎችም በየራሳቸው አስተኔ (ከክፍለ መደብ በታች ባለ የዝምድና ምድብ) በዚሁ ሥር ይገኛሉ።

አባላቱን ይበልጥ ያስደሰታቸው የኢል እጭ፣ ማለትም ከእንቁላል የወጣው ገና ያልተለወጠ ልጁ፣ ታሪክ ነበር። እጩ እንደ ቅጠል ጠፍጣፋና ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተመራማሪዎች ሌላ ዓሣ መስሏቸው የተለየ ስም አውጥተውለት ነበር፤ ስሕተቱ የታረመው ጣሊያናውያን ሊቃውንት ወደ ኢልነት ሲለወጥ ከተመለከቱ በኋላ ነው። በጥቅምት ለእባብ እጃቸውን ያወጡት ልጆች ይህን ሲሰሙ በእፎይታ ሳቁ።

ሁለት ሙሉ ስብሰባ የፈጀው ክርክር ግን በደቡብ አሜሪካ ወንዞች ስለሚኖረውና እስከ 860 ቮልት ስለሚያመነጨው የኤሌክትሪክ ኢል ነበር። ስሙ ኢል ይባል እንጂ የጀርባ ክንፍ የለውም፤ ዝምድናውም ከኢል ይልቅ ለአምባዛ ይቀርባል። አባላቱ በመጨረሻ የእሱን ካርቶን በግድግዳው ላይ ከለጠፍነው የኢሎች ረድፍ ነቅለው በአምባዛ ካርቶን ጎን ለጥፈውታል፤ የቀድሞው ሙጫ እድፍ እስከ ዛሬ በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ይታያል።