ማርስ ላይ ማን ያዋልዳል? ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? የአዳማ ሙቀት እንዴት አደረገሽ? እኛ ደህና ነን። አባትሽን ጉንፋን ይዞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል። ወንድምሽ አልጋሽን ወርሶ ተኝቷል፤ ስትመጪ አንቺው አስነሺው።

ይህን የምጽፍልሽ ለገና የተናገርኩት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። ቡና ላይ ነበርን፣ ሁለተኛው ተቀድቷል። «እማዬ፣ ሰው ማርስ ላይ መኖሩ አይቀርም። እኔም ከሚሄዱት አንዷ መሆን እፈልጋለሁ» አልሽኝ። እኔ ደግሞ «መጀመሪያ መሬት ላይ ያለውን ፈተና እለፊ» አልኩሽ። እንግዶቹ ሳቁ። አንቺ ሲኒሽን አስቀምጠሽ ዝም አልሽ። ያንን ዝምታሽን ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ይቅር በይኝ። ትልቅ ነገር ነበር ያነሳሽው፣ መልስ ይገባሽ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት ተረኛ በሆንኩ ቁጥር ሳነብ ከረምኩ። የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ ጸጥ ሲል፣ የሁሉንም ሙቀት ለክቼ ስጨርስ፣ ስልኬን አወጣለሁ። በመስኮቱ በኩል እንጦጦ ጥቁር ሆኖ ይታየኛል። እዚያ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ስንት ዓመት በሥሩ ስመላለስ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። አሁን በየሌሊቱ አየዋለሁ።

እንግዲህ የደረስኩበትን ልንገርሽ።

መሄዱ ይቻላል። እዚህ ላይ ልክ ነበርሽ። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች ጨረቃ ላይ አረፉ። ከዚያ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 1965 ድረስ በጠቅላላው 12 ሰዎች ረግጠዋታል። ከ1993 ጀምሮ ደግሞ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ግን ጣቢያው ከኛ ያለው ርቀት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ባሕር ዳር ለመድረስ ከምንሄደው ያንሳል። ጨረቃ 384 ሺህ ኪሎ ሜትር ትርቃለች፣ የሦስት ቀን መንገድ ናት። ማርስ በጣም ስትቀርበን እንኳ 55 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል። መነሳትም እንዳሻ አይደለም፤ ሁለቱ ፕላኔቶች የሚመቻቹት በየ26 ወሩ አንዴ ነው። ደርሶ መልሱ ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ከፀሐይ ውጭ ስላሉት ከዋክብት አታንሺብኝ። በ1977 እ.ኤ.አ. የተላከችው ቮዬጀር 1 የምትባል መንኮራኩር በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር እየበረረች፣ ቅርብ የሚባለውን ኮከብ ያህል ርቀት ለመሄድ ከ70 ሺህ ዓመት በላይ ያስፈልጋታል።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ጨረቃ ላይ ሰዎቹን ያደረሰው ሮኬት ሲነሳ 2,900 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። ቁመቱ 111 ሜትር። ውቅያኖስ ላይ የተመለሰው ግን ሦስት ሰው የያዘ፣ ከ6 ቶን የማይበልጥ ሾጣጣ ነገር ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ በመንገድ አለቀ። ያ ሁሉ ለስምንት ቀን ጉዞ ነው።

አራተኛ ክፍል ሳለሽ ብሔራዊ ሙዚየም ይዤሽ የሄድኩበት ቀን ትዝ ይልሻል? ድንቅነሽ ፊት ቆመሽ «ይቺ ናት አያታችን?» አልሽኝ። አሁን ከሥራ ወጥቼ ወደ አራት ኪሎ በእግሬ ስወርድ በዚያ በር አልፋለሁ። ባለፈው ሳምንት አጥሩን ተደግፌ ትንሽ ቆምኩ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ከሷ ወዲህ የሰው ዘር ከዚህ ተነስቶ ያልሄደበት የለም። በረዶ ላይ ኖሯል፣ በረሃ ላይ ኖሯል። ግን የሄደበት ሁሉ አየሩ ቀድሞት ደርሶ ነበር የጠበቀው። ማርስ ላይ የሚጠብቀን የለም። ያለው አየር ግፊቱ ከኛ መቶኛ እጅ አይሞላም፣ እሱም 95 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

አየር ሲባል ለሌላው ሰው እንዴት እንደሚሰማው አላውቅም። ለኔ ግን ይህን ይመስላል። አምና ክረምት ላይ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ፣ መብራት ጠፋ። አንድ ኪሎ ከ200 ግራም የምትመዝን ልጅ ነበረችኝ። ያለጊዜዋ የመጣች። ኦክስጅን የምታገኘው ከክፍሉ አየር ኦክስጅን እየለየ ከሚሰጥ ማሽን፣ ከኮንሰንትሬተር ነበር፣ በደቂቃ ግማሽ ሊትር። ማሽኑ ጮኸና ቆመ። ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ። ጥግ ላይ ሙሉ ሲሊንደር ቆሟል፣ የሚከፈትበት ቁልፍ ግን በገመዱ ላይ የለም። ሳቹሬሽኗ፣ የደሟ የኦክስጅን መጠን በመቶኛ፣ 93 ነበር፣ 85 ሆነ፣ ከዚያ 78። ከንፈሯ ሲጠቁር በስልክ መብራት አየሁት። አምቡ ባጉን፣ በእጅ የሚጨመቀውን የማስተንፈሻ ጎማ፣ አንስቼ ፊቷ ላይ አስቀመጥኩና በእጄ መጭመቅ ጀመርኩ። «ጭመቅ፣ ልቀቅ፣ ልቀቅ» እያልኩ እቆጥራለሁ። ተማሪዋ ነርስ ቁልፉን ፍለጋ ትሮጣለች። አራት ደቂቃ ፈጀባት፣ ሌላ ክፍል ተወስዶ ነበር። ልጅቷ ተረፈች። አሁን አንድ ዓመት ሊሞላት ነው።

ያን ሌሊት ያተረፋት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የክፍሉ አየር። ማሽንም ሲሊንደርም ሳይኖር፣ በዚያች ጎማ ውስጥ ያስገባሁት ዝም ብሎ ክፍሉ ውስጥ ያለውን አየር ነው። 21 በመቶው ኦክስጅን ነው፣ ማንም አላመረተውም፣ ማንም አይከፍልበትም። ማርስ ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ያ ጎማ የሚስበው ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ ነው ለሊቱን ሙሉ ያስነበበኝ።

መልሱን የሞከሩት አሉ፣ አንቺ ሳታውቂው አትቀሪም። በ2021 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ ካረፈው ተሽከርካሪ ጋር ሞክሲ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ሄዷል። የማርስን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 800 ዲግሪ አሙቆ፣ በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ኦክስጅን ያወጣል። እስከ 2023 ድረስ 16 ጊዜ ሠራ፣ በጠቅላላው 122 ግራም አወጣ። እኔም ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። ለዚያች ልጅ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ቢሰጣት፣ ያ ሁሉ ኦክስጅን የሚያቆያት ለሦስት ሰዓት ነው። የአንድ ፈረቃ እኩሌታ እንኳ አይሞላም።

ይህን የምነግርሽ ልንቀው ብዬ አይደለም። መጀመሪያ ሳሰላው አዘንኩ። ቆይቼ ግን ሌላ ነገር መጣልኝ። ከድንጋይና ከአቧራ በቀር ምንም በሌለበት ቦታ አንዲትን ጨቅላ ሦስት ሰዓት ማስተንፈስ! እኔ ሲሊንደር ሲያልቅ ምን እንደሚመስል የማውቅ ሰው ነኝ። ሦስት ሰዓት ብዙ ነው። ደግሞ የኛ ኮንሰንትሬተር ውስጥ ናይትሮጅኑን የሚይዘው ዜኦላይት የሚባል ማዕድን ነው። ጠፈር ጣቢያው ላይ ሰዎቹ የተነፈሱትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚይዘውም ያው ዜኦላይት ነው። የኔ ሥራና አንቺ የምትመኚው ሥራ ያን ያህል የተራራቀ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደማልስማማበት ልምጣ። መሄድ አንድ ነገር ነው። መስፈር ሌላ ነው። መስፈር ማለት ለኔ እዚያው መውለድ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ማንም ሰው ጠፈር ላይ አልተወለደም። ስለ ሮኬቱ የሚያወራው ብዙ ነው፣ ስለ ምጡ የሚያወራ ግን አላገኘሁም ማለት ይቻላል። እስቲ በኔ ዓይን እይው። ወደ ማርስ በሚወስደው መንገድ ላይ የተለካው ጨረር በቀን 1.8 ሚሊሲቨርት ነው። ይህ በየቀኑ ከ15 በላይ የደረት ራጅ እንደመነሳት ነው፣ ለወራት። እኛ እዚህ አንዲትን ሴት ለአንድ ራጅ እንኳ «ነፍሰ ጡር ነሽ?» ብለን ሳንጠይቅ አንልክም። ክብደት በሌለበት የሚቆይ ሰው በየወሩ ከአጥንቱ ጥንካሬ አንድ በመቶ ያህል ይቀንሳል። ጠፈርተኞቹ በቀን ሁለት ሰዓት ስፖርት የሚሠሩት ለዚህ ነው። ማርስ ላይ ደግሞ ክብደታችን 38 በመቶ ብቻ ይሆናል። ማኅፀን ውስጥ ያለ ፅንስ አጥንቱን በዚያ እንዴት ይሠራል? የእናትየዋስ ዳሌ?

ልጁ ተወለደ እንበል። ካልተነፈሰ እኛ ያለን አንድ ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ካልረዳሽው አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ከማርስ ወደ ምድር «ምን ላድርግ?» የሚል መልእክት ለመድረስ ብቻ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል፤ መልሱም እንደዚያው። እዚህ አንድ ፍሎ ሜትር፣ የኦክስጅኑን ፍሰት የምንለካበት፣ ተሰብሮብን መለዋወጫው እስኪመጣ ሁለት ወር ጠብቀናል፣ ከሌላ ክፍል እየተዋስን። እዚያ መለዋወጫ የሚመጣው በ26 ወር ነው፤ የሚዋሱበት ጎረቤትም የለም።

ሰፈራ የሚለው ቃል ራሱ ለኔ ቀላል አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ወደ 600 ሺህ ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲሰፍር፣ የአያትሽ ወንድም ከወሎ ፓዌ ተወሰደ። መሬቱ ለም ነበር። ዝናቡም ነበር። ወባውን ግን ደገኛ ሰውነቱ አያውቀውም። ሁለት ልጆቹን እዚያ ቀበረ። አያትሽ ይህን ስታወራ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ታቆማለች፣ ጨርሳው አታውቅም። ያ እንግዲህ በራሳችን አገር፣ ያው ሰማይ ሥር፣ ውሃና አየር እያለ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል ትይኛለሽ። እኔ የታየኝ ዳሎል ነው። ሳይንቲስቶች ማርስን ለመረዳት ዳሎልን እንደሚያጠኑ አንብቤ ነው እሱን ያሰብኩት። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ሙቀቱ ሰው የሚጠብስ አገር። አፋሮቹ ውሃቸውን ጭነው ይወርዳሉ። ጨዉን በመጥረቢያ ይቆርጣሉ፣ በግመል ጭነው ይወጣሉ። ስንት መቶ ዓመት እንዲህ ሲኖሩ ያ ጨው ሜዳ ላይ አልጋ ዘርግቶ ልጅ ያሳደገ የለም። ይወርዳሉ፣ ሠርተው ይመለሳሉ። ሰው ማርስንም እንዲህ ያገኛታል ብዬ አምናለሁ። ጥቂት ሰው ይሄዳል፣ ያጠናል፣ ይመለሳል። ይህን አንቺ በዕድሜሽ የምታዪው ይመስለኛል። ከተማ ግን፣ ትምህርት ቤትና የአራስ ቤት ያለው ከተማ፣ አንቺም የልጅ ልጆችሽም አታዩም። «ምድር ከተበላሸች እዚያ እንሄዳለን» የሚሉትንማ ልቤ አይቀበለውም። የተበላሸ አየር ማጽዳት ከምንም ተነስቶ አየር ከመሥራት ይቀላል። ይህን እኔ፣ ሲሊንደር የምገለብጠው ሴት፣ ልንገራቸው።

ከነዚያ ጥቂቶች አንዷ መሆን ከፈለግሽ ግን ሂጂ። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ። የጠፈር ሳይንቲስቱ ቅጣው እጅጉ ከቦንጋ ተነስቶ ናሳ ድረስ ደርሷል፣ አንቺ ከአራት ኪሎ ነሽ። ሦስት ዓመት እጠብቅሻለሁ። የምለምንሽ የመመለሻውን ነገር አጥብቀሽ እንድትጠይቂ ነው። ማንም «ሄደሽ ትቀሪያለሽ» የሚል ወረቀት ቢያመጣልሽ እንዳትፈርሚ።

ለፋሲካ ስትመጪ እንጦጦ አብረን እንውጣ። ጋቢ እይዛለሁ፣ ማታ ላይ ብርዱ አይጣል ነው። ሹራብሽን አጥቤ አስቀምጬልሻለሁ፣ የእጅጌውን ቀዳዳም ሰፍቼዋለሁ። ሐሙስና ዓርብ ሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ከደወልሽ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ያኔ እጄ ባዶ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ መምህርሽን ጠይቂልኝ። ያ ሞክሲ የሚሉት መሣሪያ አየር ሲስብ አቧራውን የሚያስቀረው በማጣሪያ ነው አሉ። ማርስ ደግሞ አቧራ በአቧራ ናት። ለብዙ ሰው የሚበቃ ትልቁ ሲሠራ ማጣሪያውን ማን ያጥበዋል? በምንስ ውሃ? እኛ ጋ በየሳምንቱ የሚደፈነው እሱ ነው። የሰማሽውን ጻፊልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ