የወህኒ ቤቱ አዛዥ አልሞተም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ወር ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስጓዝ በአውቶቡሱ ቴሌቪዥን በአማርኛ የሚተረክ የወህኒ ቤት ፊልም ይታይ ነበር። ሲልቬስተር ስታሎን የሚተውንበት፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ለዕይታ የበቃው «ሎክ አፕ» ነው። ተራኪው ታሪኩን በግማሽ ሰዓት ጠቅልሎ፣ እስረኛው የወህኒ ቤቱን አዛዥ የሞት ፍርድ በሚፈጸምበት የኤሌክትሪክ ወንበር ላይ አስሮ እጀታውን ሲስብ «በቀሉን ተወጣ» አለና እዚያው ላይ አቆመው። ተሳፋሪው አጨበጨበ። እኔ አጠገቤ ለተቀመጡት ሽማግሌ «አባባ፣ ሰውየው እኮ አልሞተም» ብዬ ነገርኳቸው፤ ለሌላው ተሳፋሪ ግን የምነግርበት መንገድ ስላልነበረኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደድኩ።

ስታሎን የሚተውነው ፍራንክ ሊዮኒ እንደ አባት የሚያያቸውን ሽማግሌ መካኒክ ያጠቁ ወሮበሎችን ደብድቦ የታሰረ ሰው ነው። ሽማግሌው ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ሄዶ እንዲያያቸው ቢለምን አዛዡ ድራምጉል ከለከለው፤ እሱም አምልጦ ሄደ፣ በወህኒ ቤቱ የሚፈጸመውንም ግፍ ለጋዜጠኞች ተናገረ። የሊዮኒ እስራት ተራዘመ፣ ድራምጉል ደግሞ ወደ መጥፎ ወህኒ ቤት ተዛወረ። ፊልሙ የሚጀምረው ከዓመታት በኋላ፣ ሊዮኒ ሊፈታ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲቀሩት በሌሊት ከተኛበት ተወስዶ ድራምጉል አዛዥ ወደሆነበት ግቢ ሲገባ ነው። እንግዲህ በዚህ ፊልም ቂመኛው እስረኛው ሳይሆን ቁልፉን የያዘው ሰው ነው። በአውቶቡሱ ትረካ ይህ ሁሉ መነሻ ስለተቆረጠ፣ ተመልካቹ ሊዮኒን ከመጀመሪያው ለበቀል የተነሣ ሰው አድርጎ ወሰደው።

የድራምጉል በቀል ዱላ ብቻ አይደለም። ሊዮኒ ራሱ እጁን እንዲያነሣና የእስራት ዘመኑ እንዲጨመርበት ነው የሚፈልገው። ጨለማ ቤት ያስገባዋል፤ ከእስረኛ ጓደኞቹ ጋር ከወዳደቀ ብረት ተነሥተው ያደሷትን ሙስታንግ መኪና በፊቱ ያስሰባብራታል፤ ልጅ እግሩ ጓደኛው ፈርስት ቤዝ በስፖርት ክፍሉ ውስጥ በክብደት ማንሻ ብረት ይገደላል። ሊዮኒ ገዳዩን ቺንክን ጥሎ፣ ሊጨርሰው ሲችል እጁን ይሰበስባል፤ ምሕረቱ ግን አላዳነውም፣ ከኋላው በስለት ተወጋ። ፊልሙ መታገሥ ዋጋ እንደሚያስከፍል አልደበቀም፤ እኔ ከድብድቡ ሁሉ አብልጬ የምወደውም ይህን ትዕይንት ነው። (በነገራችን ላይ ቀረጻው የተካሄደው በኒው ጀርሲ፣ ራዌይ በሚገኘው እውነተኛ ወህኒ ቤት ሲሆን፣ በግቢው ከሚታዩት ሰዎች መካከል እውነተኛ እስረኞች ነበሩ።)

አንዳንድ ተመልካቾች ፊልሙን ተራ የድብድብ ፊልም ነው ሲሉ እሰማለሁ። ድራምጉል ከክፋቱ በስተቀር ሌላ ገጽ እንዳልተሰጠው እኔም አምናለሁ፤ ዶናልድ ሰዘርላንድ በቀዝቃዛ ድምፁ ባይሸከመው ኖሮ ገጸ ባሕሪው ይወድቅ ነበር። መጨረሻው ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሊዮኒ አዛዡን በወንበሩ ላይ ሲያስረው ዘቦቹ ደርሰው ከብበዋቸዋል። ሞት የመጣበት ድራምጉልም ሊዮኒን ለማጥመድ ያሴረውን ሁሉ በገዛ አፉ፣ በራሱ ዘቦች ፊት ይናዘዛል። ከዚያ በኋላ ሊዮኒ እጀታውን ይስባል፤ ምንም አይፈጠርም፤ ፊውዙን አስቀድሞ አውጥቶ በእጁ ይዞታልና። አዛዡ ተይዞ ለሕግ ይቀርባል፣ ሊዮኒም የቀረችውን ጊዜ ጨርሶ በበሩ ይወጣል። ዳይሬክተሩ ጆን ፍሊን በ1977 እ.ኤ.አ. የሠራው «ሮሊንግ ተንደር» የተሰኘው የበቀል ፊልም የሚያበቃው በተኩስና በሬሳ ነበር፤ ያው ሰው ከ12 ዓመት በኋላ ለተበዳይ ጀግናው በመሣሪያ ፈንታ ፊውዝ አስያዘው። ተራኪው የቆረጠው ይህንን ነው።

ጉዳዩን ያከበድኩት ደም መመለስ ለእኛ የፊልም ወሬ ብቻ ስላልሆነ ነው። በየአካባቢያችን በአንድ ግድያ ሰበብ ለልጅ ልጅ የተላለፈ ቂም እናውቃለን፤ ሽማግሌዎች ገብተው ደም የሚያደርቁበትን፣ በኦሮሞ ዘንድ ጉማ የሚባለውን የካሳ ሥርዓት የመሰለ ዕርቅም እናውቃለን። የፊልም ሽልማታችን እንኳ የሚጠራው በዚሁ በጉማ ስም ነው። እንዲህ ያለ ተመልካች ያልተፈጸመውን ግድያ እንደተፈጸመ ተነግሮት ማጨብጨቡ ያሳዝነኛል።

ፊልም በአማርኛ የምትተርኩ ወገኖቼ፣ እንግሊዝኛ ለማይሰማው ሕዝብ ትልቅ ውለታ እየዋላችሁ ነው፤ ወላጆቼም በእናንተ ምክንያት ፊልም ያያሉ። ጊዜ ቢያጥራችሁ ከድብድቡ ቀንሱና ሊዮኒ ለምን እንደታሰረ ንገሩን፤ ፊውዙ የሚታይበትንም ትዕይንት አትቁረጡብን። የጋዜጣው የኪነ ጥበብ ገጽም በአውቶቡስና በየቤቱ የሚታዩትን እነዚህን ትረካዎች እንደ ማንኛውም የጥበብ ሥራ አይቶ ቢገመግምልን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ